የማታሊኩ መታጠፊያ ስድስት ዓይኖች

ማክሰኞ ጠዋት ሚኒባሱን ከሐይቁ ጎትተው ሲያወጡት የማታሊኩ መንደር ሰው በሙሉ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ውሃው በበሮቹ ስንጥቅ ይንዠቀዠቃል፤ አንዲት የሴት ጫማ ከውስጡ ወጥታ ጭቃው ላይ ቀረች። ኢንስፔክተር ሳቴኪ ጫማዋን አይቶ ፊቱን አዞረ። የአጎቱ ልጅ፣ የመንደሩ ነርስ የካሎላይኔ ጫማ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ ሳህን እየተሻሙ ነው ያደጉት።

«አለቃ፣ ወደዚህ ይምጡ እስቲ» አለች ሌሲኤሊ።

ሌሲኤሊ ረዳቱ ናት። ፖሊስ ከሆነች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን የሃያ ዓመት አገልግሎት ያለው ይመስላል። አስፋልቱ ላይ ተንበርክካለች።

«ዓይኖቹ የሉም» አለች።

ዓይኖች የሚሏቸው አስፋልቱ መሐል የተቀበሩትን ትንንሽ የሶላር መብራቶች ነው። ቀን ፀሐይ ይጠጣሉ፤ ሲመሽ በራሳቸው ይበራሉ። ሃያ አራት ናቸው፤ ከከተማው በኩል ሐይቁን ታክኮ ቀጥ ብሎ በሚመጣው መንገድ ላይ ተደርድረው መጨረሻ ላይ ከመታጠፊያው ጋር አብረው ይታጠፋሉ። አሁን አሥራ ስምንቱ አሉ። መታጠፊያው ላይ የነበሩት ስድስቱ ግን ከነሥራቸው ተነቅለዋል።

ሳቴኪ ጎንበስ ብሎ አየ። ጉድጓዶቹ ክፍት አይደሉም። ነጭ አሸዋና ጥቋቁር ጠጠር ሞልቷቸው፣ እላዩ በእጅ ተደልድሏል።

«ጉድጓድ ደፍኖ የሚሄድ ሌባ አይተው ያውቃሉ?» አለች።

«አላውቅም።»

«ጨዋ ሌባ ነው ማለት ነው። ሰው እንዳይሰናከል አስቦ ሰው ገደለ።»

አሸዋው አላስገረመውም። የመንደሩ መቃብር ከመታጠፊያው ወዲያ ስለሆነ፣ መቃብር ከሚያስጌጡት ሴቶች ቅርጫት የፈሰሰ አሸዋና ጠጠር ከዚያ መንገድ ዳር መቼም አይጠፋም። ሌባው ከዳር ጠርጎ ሞላበት፣ አለ በልቡ። አንደኛውን ጉድጓድ በጣቱ ሲቆፍር ግን የሆነ ነገር ወጋው። ከጥፍር የማይበልጥ፣ ስስና የሚያብረቀርቅ የቢላ ጫፍ ነው። ተሰብሮ ሙጫው ውስጥ ቀርቷል።

«ዋና አዛዡ እስከ ዓርብ ፋይሉ ይዘጋ ብለዋል» አለች ሌሲኤሊ። «ሹፌሩ የሚያደነዝዘውን ካቫ ጠጥቶ ነበር፣ በቃ አለቀ ነው የሚሉት። ደግሞስ እርስዎ የሟች ዘመድ አይደሉም? እንዴት ነው የሚመረምሩት?»

«በዚህ ደሴት ዘመድህ ያልሆነውን ብቻ መርምር ብባል የምመረምረው ቱሪስት ብቻ ነው» አላትና የቢላውን ጫፍ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ሹፌሩ ሞአላ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ክንዱ በጀሶ ታስሯል፣ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ሳቴኪን ሲያይ ከአልጋው ሊነሳ ሞከረ።

«ተኛ፣ ተኛ። ጠጥተህ ነበር?»

«ካቫ ነው ወንድሜ፤ እሱም እሑድ ማታ ነው። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ስነዳ ውዬ የምን ካቫ?» በጀሶ የታሰረ ክንዱን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ነርሳችንን ገደላት ነው የሚሉት። ልጆቼን ትምህርት ቤት 'የገዳይ ልጆች' ብለዋቸዋል። አራት ልጅ ይዤ እስር ቤት ልገባ ነው?»

«የሆነውን ንገረኝ።»

«ከከተማ የመጨረሻው ጉዞዬ ነበር። እሷ ብቻ ናት የቀረችው፤ ጋቢና ከአጠገቤ ተቀምጣለች። መሸት ብሏል፤ ዝናቡ ደግሞ አስፋልቱን ጨርሶ አያሳይም። እኔ ዓይኖቹን ተከተልኩ። ሁልጊዜ እንደማደርገው። ቀጥ ብለው ሄዱ፣ እኔም ቀጥ ብዬ ሄድኩ። አልታጠፉም እኮ! ይኸው እምላለሁ፣ አልታጠፉም!»

«ካሎላይኔስ ምንም አላለችም?»

«ድንገት 'እዚህ ጋ ነው፣ ጠምዝዝ!' ብላ ጮኸች። መሪውን ያዘችብኝ። እኔ ገና ምንም አላየሁም ነበር። ምን ሆነች ብዬ ከእጇ ሳስለቅቅ ውሃ ውስጥ ገባን።» በደህና እጁ ፊቱን ሸፈነ። «እሷ እንዴት አየች? ከእኔ ጎን አይደለች እንዴ?»

ነርስ ናት፣ ዓይኗ ንቁ ነው፤ ሳቴኪ እንዲህ ብሎ አለፈው። በኋላ ላይ ይህቺን ነገር እንዲህ በቀላሉ ማለፉ ሲያንገበግበው ኖሯል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ማናሴ ነበር። ማናሴ በመብራት ኦክቶፐስ የሚያድን ሽማግሌ ነው፤ ቤቱ ከመታጠፊያው ፊት ለፊት ነው፣ ሌሲኤሊ ደግሞ ጀልባው ላይ የታሰረ የሶላር መብራት አይታለች።

«ጋሽ ማናሴ፣ ይቺን መብራት ከየት አመጧት?»

«ከቻይናው ሱቅ ነዋ! እያት፣ ሰማያዊ ናት። የመንገዱ ነጭ አይደለም?» መብራቱን አፍንጫዋ ሥር አስጠጋላት። «ሰው ሲያረጅ ሌባ ይሆናል ያለሽ ማነው፣ የኔ ልጅ?»

ቢላዎቹን ዘርግቶ አሳያቸው። ሁሉም ወፍራምና የዛጉ ናቸው፤ አንዱም ጫፉ አልተሰበረም።

«ዓይኖቹን መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?» አለ ሳቴኪ።

«ቅዳሜ ማታ ወደ ባሕር ስወርድ ሁሉም በርተው ነበር። ሰኞ ሲመሽ አላየሁም፤ ወገቤን አሞኝ ተኝቻለሁ።»

«በመሐል እሑድ አለ።»

«እሑድማ ማን ይሠራል? በዚህ አገር እሑድ ቀን ሚስማር የመታ ሰው እስከ ልጅ ልጁ ይሰደባል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚችው ደጃፌ ተቀምጬ ነው የዋልኩት። ሴቶቹ አበባና መጥረጊያ፣ ቅርጫትም ይዘው ወደ መቃብር አለፉ፤ ተመለሱ። ሌላ ሰው ዝር አላለም። ተኝቼ ሳለ ያለፈ ከሌለ።»

«ተኝተው ነበር እንዴ?»

«እሑድ በልቶ የማይተኛ ክርስቲያን አለ?»

ያን ዕለት ሲመሻሽ ሳቴኪ በመቃብሩ በኩል ወደ ቤቱ አለፈ። እንደ ሁልጊዜው መቃብሮቹ በሰው ሠራሽ አበባ፣ በብርድ ልብስና በትንንሽ መብራቶች አጊጠው ትንሽ ከተማ መስለዋል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው የፎላው መቃብር ከሁሉም ደምቆ ይበራል። ፎላው የአክስቱ የእትዬ ፉሲ ብቸኛ ልጅ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው መታጠፊያ ላይ በሞተር ሳይክል ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ወይ እትዬ፣ እጃቸው አይዝልም እኮ፣ ብሎ ሆዱ ባባና መንገዱን ቀጠለ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ መብራቶቹን የተከለው ተቋራጭ ሄኔሊ ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ነቅሎ ደብቆ እንደገና መሸጥ ይችላል። ሌሲኤሊ ገና ግቢው በር ላይ ስትደርስ ጥፋተኛ ነው ብላ ፈርዳ ጨርሳ ነበር።

ሄኔሊ ሆዱን እያሻሸ ሳቀ። «እኔ? ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቫቫኡ ደሴት ነበርኩ። ፊት ወንበር ተቀምጬ አንኮራፋህ ብለው ስሜን ከመድረክ ጠርተውታል። ጠይቁ።»

ሌሲኤሊ ደውላ ጠየቀች። እውነት ነው፤ ማንኮራፋቱን ሦስት ሰው መሰከረ።

«ደግሞ ሌባ ቢሆን ይህን ይወስድ ነበር» አለና ክፍት መጋዘኑን አሳያቸው። መደርደሪያው ላይ ከተከላ የተረፈች አንዲት አዲስ መብራት አቧራ ለብሳለች። «ቁልፍ እንኳን የለውም።»

ሳቴኪ መብራቷን አንስቶ አገላበጣት። ከሳሙና አትበልጥም። «ስንት ታወጣለች?»

«ከመርከብ ማጓጓዣውና ከሙጫው ጋር መቶ ሰማንያ ፓአንጋ። ፎላው ከመሞቱ በፊት እኮ ጠይቀን ነበር! አክስትህ ናቸው ያስጀመሩት። መንገድ ቢሮ ሄደን ለመንን። 'ለዚህ ለመብራት ጌጥ የምናወጣው ገንዘብ ስንት ጉድጓድ ይደፍናል' አሉን። ጌጥ አሉት! የመኪና መብራት አፍንጫህ ሥር ያለውን ነው የሚያሳይህ። ይቺ ግን መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድማ ትነግርሃለች። ዝናብ ሲሆን ከእሷ በቀር የምታምነው ነገር የለም።» መብራቷን ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ መለሳት። «ልጁ ሲሞት ገንዘቡ ተገኘ። በወሩ።»

ረቡዕ ሲመሻሽ ዝናብ ጣለ። ሳቴኪ ሌሲኤሊን ጎኑ አስቀምጦ ከከተማው በኩል እየነዳ መጣ።

አሥራ ስምንቱ ዓይኖች አንድ ባንድ ከፊቱ ተገለጡ። አስፋልቱ አይታይም፣ ሐይቁ አይታይም፤ እነሱ ብቻ ናቸው ያሉት። ሳያስበው እግሩ ነዳጁ ላይ ጠነከረ። ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ። የመጨረሻዋን ሲያልፍ ቀጣይዋ ከዝናቡ ውስጥ ትወጣለች ብሎ ዓይኑን ወደፊት ተከለ።

«አለቃ!» ሌሲኤሊ ጮኸች።

ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ተንሸራቶ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመ።

«መታጠፊያው የት እንዳለ እያወቁ ልንገባ ነበር እኮ» አለች።

«ሁሉንም ነቅሎት ቢሆን ማንም አይሞትም ነበር» አለ ሳቴኪ። «ጨለማ ነው ብሎ ሁሉም ይጠነቀቅ ነበር። የቀሩት ናቸው የዋሹት። ሞአላ እውነቱን ነው።»

«ታዲያ አዛዡ ምን ይላሉ?»

«'የነቀለውን አምጣ' ይላሉ። የነቀለው ካልተገኘ ሞአላ ራሱ አደጋውን ካደረሰ በኋላ አስነቅሎ ነው ይባላል። ትናንትና እንደዚያ ብለውኛል።»

ካሎላይኔ የተቀበረችው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ለቅሶ ቤቱ በሰው ተጥለቅልቋል። በአስከሬኑ ራስጌ የክብሩ ቦታ ላይ እትዬ ፉሲ ተቀምጠዋል፤ የሟች የአባት እህት ናቸውና ቦታው የሳቸው ነው። ከየቤቱ የመጣው ምርጥ ምንጣፍና ከዛፍ ቅርፊት የተቀጠቀጠ ጨርቅ ፊታቸው ተከምሯል። ሳቴኪ፣ እሱም የወንድማቸው ልጅ ነውና፣ የአገሩ ሰው ለሐዘን ወገቡ ላይ የሚጠመጥመውን ሰፊ ምንጣፍ ታጥቆ በጉልበቱ ሄዶ ሰላም አላቸው። አላዩትም። ዓይናቸው ከካሎላይኔ ፊት አልተነቀለም። እንባ ግን አልነበራቸውም።

መቃብሩ የተቆፈረው ከፎላው ጎን ነው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ቀረቡ። ነጩን አሸዋ አፈሰሱ፤ ጥቋቁር ጠጠሮቹን በላዩ በተኑ። አንዷ ተንበርክካ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ሁሉንም በመዳፏ ደለደለችው።

ሳቴኪ ከለቀስተኛው መሐል አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ።

ይህን እጅ ያውቀዋል። ስድስት ጊዜ አይቶታል፣ አስፋልቱ ላይ። ያ የፈሰሰ አሸዋ አይደለም፣ ከዳር የተጠረገም አይደለም፤ ሰው ከቅርጫቱ ዘግኖ፣ አስተካክሎ፣ መቃብር እንደሚያለብስ አልብሶ የሄደው ነው። የዚህ አገር ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኩን የሚያየውን ነገር እሱም አይቶ አላየውም!

ለቀስተኛው ሲበተን እሱ ቀረ። እትዬ ፉሲም ቀሩ፤ በሁለቱ መቃብሮች መሐል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፀሐይ ገባች። በየመቃብሩ ላይ ያሉት የሱቅ መብራቶች አንድ ባንድ ቦዝ ቦዝ ማለት ጀመሩ። ፎላው መቃብር ላይ ግን ከአበቦቹ ሥር ስድስት ነጭ መብራቶች እኩል ቦግ አሉ።

«እትዬ» አለ።

«አየሃቸው?» አሉ አክስቱ። «ያምራሉ አይደል?»

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?»

«የልጄን ለልጄ ሰጠሁ። የሱቁ መብራት ሦስት ወር አይበራለትም፤ ልጄ ጨለማ ውስጥ ይተኛል። እዚያ ማዶ ግን በሱ ደም የተገዛው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይበራል። በሕይወት ሳለ ውድ ነው አሉኝ። እግራቸው ሥር ወድቄ ነው የለመንኳቸው፣ ሳቴኪ! ሲሞት ግን ረከሰላቸው። ታዲያ የማን ናቸው? ስድስት ብቻ ነው የወሰድኩት። ሌላውን ተውኩላቸው።»

«እርስዎ አልነቀሉትም። ጉልበትዎን ያምዎታል።»

አክስቱ የካሎላይኔን መቃብር አዲስ አሸዋ በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

ሳቴኪ ኪሱ ውስጥ ያለችውን የቢላ ጫፍ በጣቱ ነካት። ስስ፣ የምታብረቀርቅ። የክሊኒክ ናት፤ ቁስል የሚከፈትባት። 'እዚህ ጋ ነው፣ ጠምዝዝ!' ሞአላ ገና ምንም ሳያይ። መታጠፊያው ያለ መብራት መቅረቱን አስቀድማ የምታውቀው የነቀለችው ብቻ ናት።

«ካሎላይኔ ናት?» አለ።

«እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ። 'እትዬ፣ ይሄ ልክ አይደለም' አለችኝ። 'እየለመንኩሽ ነው ወይስ እያዘዝኩሽ?' አልኳት። የአባት እህት ስታዝ ማን እምቢ ብሎ ያውቃል? ተንበርክካ ነቀለችልኝ። ሰው እንዳይሰናከል ብላ ጉድጓዶቹን ሞላችልኝ። ሰኞ ከተማ የሄደችው እኮ በራሷ ደሞዝ የሚተኩ ሌሎች መብራቶች ልትጠይቅ ነው።» ያኔ ገና እንባቸው ወረደ። «ገደልኳት። ወንድሜ ፊት፣ ራስጌዋ አስቀምጠው ምንጣፍ ሲቆልሉልኝ ዋሉ፤ እኔም ተቀበልኩ።»

ሳቴኪ ሊያቅፋቸው ፈለገ፤ ሊጮህባቸውም ፈለገ። «ሞአላ ሊታሰር ነው፣ እትዬ።»

«እሱ ሹፌር ነው፤ ያልፍለታል። እኔ እስከ ዛሬ ምን አዝዤህ አውቃለሁ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ዛሬ ላዝህ። መብራቶቹን አትንካ፤ ያየኸውንም አታውራ። ለእኔ ብዬ አይደለም። እኔን ዛሬውኑ ውሰደኝ። ግን አፈሯ ሳይደርቅ እሷን ሌባ ልትላት ነው? ይህን ሁሉ ሰው ያከመችውን ልጅ?»

ይህ ነበር የፈራው። የሞአላን ስም ለማጥራት የሷን ስም መዝገብ ላይ ማስፈር ሊኖርበት ነው። እሷ አትከሰስም፤ ሞታለች። ግን ስሟን በየደጁ ያነሱታል።

«አራት ልጆች አሉት» አለ በመጨረሻ። «እሷ ብትኖር ራሷ ሄዳ ትናገርለት ነበር። እርስዎም ያውቃሉ።»

ተንበረከከ፤ መብራቶቹን ከፎላው ራስጌ አንድ ባንድ አነሳቸው። እየነቀለ ያለቅስ ነበር። ጉድጓዶቹን በአሸዋ ሞልቶ በመዳፉ ደለደላቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ የአባት እህት የለህም» አሉት እትዬ ፉሲ።

ሞአላ ዓርብ ዕለት ተለቀቀ። ሚኒባስ የለውም፣ ክንዱም አልዳነም፤ ግን ቤቱ ገባ። እትዬ ፉሲ ቃላቸውን ራሳቸው መጥተው ሰጡ፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮ እስኪደርስ በዋስ ወጡ። ሳቴኪን ጣቢያው ኮሪደር ላይ ሲያገኙት እንደማያውቁት ሰው አለፉት።

ስድስቱ መብራቶች የማስረጃ ክፍል መስኮት ሥር፣ ክፍት ካርቶን ውስጥ ተቀመጡ። መልሶ ለመትከል ጠየቀ፤ ክሱ ሳያልቅ ማስረጃ አይነካም ተባለ። አዲስ ጠየቀ፤ ለስድስት ብቻ ከባሕር ማዶ ማስመጣት ውድ ነው፣ በጀት የለም አሉት። ሄኔሊ ያቺን አንዲት ትርፍ በነፃ ልትከል ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ፈቃድ ያስፈልጋል አሉት። ፖሊስ መታጠፊያው ላይ ሁለት በርሜል አቆመ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሰው ለአሳማ መጥበሻ ወሰዳቸው።

«ይዩት፣ ይዩት» አለች ሌሲኤሊ አንድ ቀን ሲመሻሽ፣ የማስረጃውን ክፍል በር ከፍታ። ካርቶኑ ከውስጥ ቦግ ብሏል፤ በአፉ ነጭ ብርሃን ወጥቶ ጣሪያውን ያበራል። «ለማን ነው የሚበሩት?»

ሳቴኪ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘው። አሥራ ስምንቱን ዓይኖች እያለፈ እግሩን ከነዳጁ አነሳ፤ ከዚህ ወዲያ ጨለማ ነው ብሎ ልቡን ሲያዘጋጅ ከፊቱ የሆነ ነገር ብልጭ አለ።

መታጠፊያው ዳር ላይ ስድስት የሱቅ መብራቶች ተተክለዋል፤ እነዚያ ሦስት ወር የማይቆዩት፣ መቃብር ላይ የሚደረጉት። ሁለቱ ከወዲሁ ደክመዋል። ከአንደኛው ጎን አንዲት አሮጊት የሐዘን ምንጣፋቸውን እንደታጠቁ ዝናቡ ውስጥ ተንበርክከው፣ ጭቃውን ከመብራቱ ላይ በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። የፎላው መቃብር ዛሬ ጨለማ ነው።

መኪናውን አቆመና መስታወቱን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ይግቡ። ላድርስዎት።»

አክስቱ ቀና ብለው የመኪናውን መብራት አዩ እንጂ ፊቱን አላዩም።

«ቀስ ብለህ ንዳ፣ ሹፌር» አሉት። «እዚህ ጋ ይታጠፋል።»